አረፋ የሌለው ጠርሙስ

ዳቦ ቤቱ የደወለው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሰዓቱን እንዲህ አስተካክዬ የማውቀው ስልኬ ስለመዘገበው ነው እንጂ፣ እኔማ በዚያች ደቂቃ ሰዓት የማይበት ምክንያት አልነበረኝም። ሁለት ቀን ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ጥሪ ስለሆነ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ድምፄን አሳምሬ፣ እንደ ትልቅ ድርጅት ጸሐፊ «ሄሎ፣ ጤና ይስጥልኝ» አልኩ። ድርጅቱ እኔና እትዬ ነን። የምንሠራውም ከቤታችን ጓሮ በተሠሩ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው፤ አንዱ መቀመሚያ፣ አንዱ ማሸጊያ። ግን ይሄን በስልክ ማን ያያል?

«እናንተ ሰዎች ትቀልዳላችሁ እንዴ?» አለ የዳቦ ቤቱ የግዢ ኃላፊ። ዘጠኝ ቅርንጫፍ ያለው ዳቦ ቤት ነው። «ናሙና ብላችሁ የላካችሁልኝ ነገር ውሃ ነው። ሠራተኞቹ የምድጃ ትሪ ዘፍዝፈውበት አደሩ፤ ቅባቱ ንቅንቅ አላለም። አረፋ ከሆነ ግን የጉድ ነው፣ ኩሽናውን ሞልቶታል። ደግሞ እጃችን ለሰለሰ ይሉኛል!»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ነጋዴ ነኝ፣ ደንበኛ ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ። ይቅርታ ጠይቄ፣ ዛሬውኑ ሌላ እልካለሁ ብዬ፣ የሐሙሱ ውል ፊርማ እንዳለ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ወደ መቀመሚያው ክፍል ብቅ ብዬ ለእትዬ እየሳቅኩ ነገርኳት።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምራለች፤ እኔንም እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባልዲው ላይ ጎንበስ ብላ እያማሰለች ነበር። ነገሩን ስትሰማ ማማሰሏን ተወች።

«አረፋ አለው አለ?»

«ኩሽናውን ሞልቶታል ነው ያለው።»

«እጃቸው ለሰለሰ?»

«እሱን ነው የምልሽ!»

ጓንቷን ጣት በጣት እየሳበች አወለቀች። «የኔ አረፋ የለውም» አለች።

የምንሸጠው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የጡጦ ማጠቢያ ፈሳሽ ነው፤ በኦንላይን ገበያው ላይ እናቶች በየቤታቸው ሆነው አንድም ሁለትም እያሉ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ይገዙናል። ስቲከሩ ላይ የሚስቅ ሕፃን አለ፤ ሥሩ ደግሞ እኔው ራሴ የጻፍኩት «ለለጋ እጅ፣ ለለጋ አፍ» የሚል ጽሑፍ። ሁለተኛው የምድጃ ቅባት ማስለቀቂያ ነው፤ እሱ በዚያው ገበያ በድርጅቶች በኩል፣ ለዳቦ ቤትና ለሆቴል በሃያ ሊትር ጀሪካን የሚሄድ ነው። እሱን ስትቀምም እትዬ እስከ ክርኗ ጓንት፣ ዓይኗ ላይ መነጽር ታደርጋለች፤ እኔን ደግሞ እንደ ዶሮ እሽ ብላ ከክፍሉ ታስወጣኛለች። ኮስቲክ ሶዳ ነው። ቆዳ ይበላል። ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ ናቸው፣ ሁለቱም ሎሚ ሎሚ ይሸታሉ፤ ሽቶውን ከአንድ ዕቃ ነው የምንቀዳው።

የሚለዩት በክዳን ነው። ለቤት የሚሄደው ነጭ ክዳን፣ ለድርጅት የሚሄደው ናሙና ቀይ ክዳን። ሕጉ ይሄ ብቻ ነው፤ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልተሳሳትንም። ከትናንት በስቲያ ግን ቀይ ክዳን አለቀ። ባዶ ጠርሙስም አልነበረም፤ የነበረው እኔ ለአንድ ወር ይበቃል ብዬ አስቀድሜ ስቲከር የለጠፍኩበት ብቻ ነው። እትዬ ከእሱ አንዱን አንስታ የዳቦ ቤቱን ናሙና ሞላችበት፤ ነጭ ክዳን ከደነችውና አንገቱን በቀይ ፕላስተር ጠቀለለችው። ለእሷ ቀይ ቀይ ነው፤ ክዳን ሆነ ፕላስተር ሆነ የሚነገር ነገር የለውም። «የዳቦ ቤቱ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ነው» ብላኝ ብቻ ሄደች።

እኔ ደግሞ ፕላስተሩን ሳይ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። እህቴ የማትለጥፈው ነገር የለም። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በፕላስተር ነው የቆመው፣ የመነጽሯ እግር በፕላስተር ነው፣ ነጠላ ጫማዋ በፕላስተር ነው፤ እኔንም ብሰነጠቅ የምትለጥፈኝ ይመስለኛል። ጠርሙሱ አፍስሶ ይሆናል አልኩ። ገለበጥኩት፣ አያፈስም። ላጥኩት።

ዝም ብዬ አይደለም የላጥኩት። ገበያው እያንዳንዱ ዕቃ ለሞተረኛ ከመሰጠቱ በፊት ካርቶኑ ክፍት እንዳለ ፎቶ ተነስቶ እንዲላክ ያዛል። ፎቶውን የሚያየው ማሽን ነው፤ ከተመዘገበው ምስል የተለየ ነገር፣ ፕላስተርም ቢሆን፣ ካየ «ምስሉ ከምርቱ ጋር አይመሳሰልም» ብሎ ይመልሳል። አንድ የተመለሰ ፎቶ ደግሞ ከኮከቤ ላይ ይቆነጥራል። አራት ነጥብ ዘጠኝ ኮከብ ነበረኝ። በእሱ ላይ እብደት ነበረብኝ፤ ጠዋት ስነሳ ፊቴን ሳልታጠብ እሱን ነበር የማየው። ስለዚህ ፕላስተሩን ልጬ፣ ሙጫውን በአልኮል ወልውዬ፣ አሥራ ሁለቱን ጠርሙስ እንደመጣልኝ አሰለፍኩ። አሥራ አንዱን ፎቶ እያነሳሁ ለአሥራ አንድ ቤት አሸግኩ፤ ቀይ ክዳን ማለቁን ስለማውቅ የክዳኑ ነጭነት ሳይገርመኝ፣ ጠርዝ ላይ የቀረውን አሥራ ሁለተኛውን በዳቦ ቤቱ ካርቶን ከተትኩ።

«ቀዩ ፕላስተር የት ሄደ?» አለች እትዬ።

«የቱ ፕላስተር?» ብዬ ስመልስ ነው የገባኝ። ከአሥራ አንዱ ቤት በአንዱ ውስጥ፣ የሚስቅ ሕፃን የተለጠፈበት ጠርሙስ ውስጥ፣ ብረት ላይ የተጋገረ ቅባት የሚልጥ ነገር አለ፤ የላከው ደግሞ ይሄ እጄ ነው። ካርቶኖቹ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ተነሺ» አለች እትዬ። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ድምፇ ግን የክፍል ውስጥ ድምፅ ነበር። «ፎቶዎቹን አውጪ። የኛ የጡጦው ፈሳሽ ሲነካ አረፋ ይይዛል፤ ጠርሙሱን አንስተሽ ስታስቀምጪው አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ይሠራል። ያኛው ቢያገላብጡትም አይሠራም።»

ስልኩ ላይ ተደፋን። አንደኛውን አጎላሁት፤ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት አለ። ሁለተኛው አለ። ሦስተኛው ላይ የመብራቱ ነጸብራቅ ሸፈነብንና ዓይናችን እስኪያለቅስ አየነው፤ አለ። ሳጎላው ፎቶው ወዲያና ወዲህ ይሸሽብኛል። እትዬ ስልኩን ያዘችልኝ። ሰባተኛው ላይ አንገቱ ባዶ ነበር። ጠርሙሱ እስከ አፉ ድረስ ጥርት ያለ ነው፤ እንዲያውም ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነበር።

የገዢዋ ስም «የመንታ እናት» ይላል። ገበያው ላይ እናቶች እንዲህ ያለ ስም ነው የሚያወጡት። ከትዕዛዟ ሥር ለሞተረኛው የጻፈችው አለ፦ «እባካችሁ ደወሉን አትጫኑት፣ ስንት ተለፍቶ ነው የሚተኙት።» ጎኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት፦ ትናንት ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ደርሷል።

አምስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሆኖ ነበር።

እዚህ ላይ የገበያውን ሕግ ማወቅ አለባችሁ። ከድርጅቶቹ በቀር ሻጭና ገዢ ስልክ አይለዋወጡም፤ አድራሻውንም ሞተረኛው ብቻ ነው የሚያየው፣ ከደረሰ በኋላ ከእሱም ስልክ ላይ ይጠፋል። ዕቃው መንገድ ላይ እያለ በአፑ በኩል መደወል ይቻላል፤ ከደረሰ በኋላ መስመሩ ይዘጋል። ጥሩ ሕግ ነው። እኔም ገዢ ስሆን ሻጭ እየደወለ እንዲነዘንዘኝ አልፈልግም። አሁን ግን ከዚያች ሴት ጋር የሚያገናኘኝ የመልእክት ሳጥን ብቻ ቀረ። «አስቸኳይ ስለሆነ በዚህ ቁጥር ይደውሉልኝ» ብዬ ቁጥሬን ጻፍኩ። ገበያው ከገበያው ውጭ ለመሸጥ የምሞክር መስሎት ቁጥሩን አይቶ መልእክቴን አገደው።

እንደገና ጻፍኩ። ይሄኛውን ቃል በቃል ነው የማስታውሰው፤ ሞቼም የምረሳው አይመስለኝም። «ውድ ደንበኛችን፣ በትናንቱ ዕቃዎ ላይ አነስተኛ የማሸግ ስህተት ስላጋጠመ እባክዎ ሳይከፍቱት ይጠብቁን፤ በነፃ እንቀይርልዎታለን። ከምስጋና ጋር።» ከምስጋና ጋር! ያቃጥላል የሚል ቃል የለበትም። መርዝ የሚል ቃል የለበትም። አስቤበት ነው ያልጻፍኩት፤ እንዲህ ያለ ቃል ከሻጭ አፍ ሲወጣ ገበያው ሱቁን ወዲያው እንደሚመረምር አውቃለሁ።

መልእክቱ ሄደ። አልተነበበም።

እትዬ በበኩሏ ለሞተረኛው ትደውላለች። በየቀኑ ዕቃ የሚወስድልን እሱ ስለሆነ የእሱ ቁጥር አለን፤ ቤቱን ሊያስታውስ ይችላል። ይጠራል፣ አያነሳም። ሞተር ላይ ሲሆን እንደማያነሳ እናውቃለን፤ ሌላ ቀን «ጎሽ፣ ጠንቃቃ ልጅ» የምንለው በዚህ ነው። አሥር ጊዜ ያህል ደወለች። በየመሀሉ «ሌላ መንገድ የለም?» ትለኛለች።

«የለም» አልኳት።

ነበረ። ይሄን ስናገር አሁንም አፌ ይደርቃል። በሱቃችን ገጽ መጨረሻ ላይ «አስቸኳይ የምርት ጥሪ» የሚል ቀይ ቁልፍ አለ። ሻጭ ሆኜ ስመዘገብ ስለ እሱ የተጻፈውን አንብቤ ፈርሜያለሁ። ሲጫኑት የገዢው ስልክ ድምፁ ጠፍቶ እንኳ ቢሆን ይጮኻል። ሲጫኑት ደግሞ ሱቁ በዚያችው ቅጽበት ይዘጋል፤ ምርመራው እስኪያልቅ ወር ይሁን ዓመት የሚያውቅ የለም። ማስጠንቀቂያው ከእኛ የገዙ ድርጅቶች ሁሉ ጋ ይደርሳል። ዳቦ ቤቱ ጋም ይደርሳል።

ስለዚህ ራሴን ሳሞኝ ቆየሁ። የመንታ እናት የቆየች ደንበኛ ናት፤ አሮጌው ሳያልቅ ነው የምታዝዘው፣ ገና አልከፈተችውም አልኩ። አሁን መልእክቱን ታየዋለች አልኩ። ሞተረኛው አሁን ያነሳል፣ ሮጬ ሄጄ ጠርሙሱን እቀይርና ሁለት በነፃ ጨምሬላት ስቄ እመጣለሁ አልኩ። እንዲህ እያልኩ በየግማሽ ደቂቃው ስልኩን አያለሁ፤ አልተነበበም። ጎረቤት አንድ ሕፃን አለቀሰ። ሁልጊዜ የሚያለቅስ ልጅ ነው፣ ልብ ብዬ ሰምቼውም አላውቅ። ያን ቀን ግን ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ተነሳሁ።

ቀይ ቁልፉን አንድ ጊዜ ከፍቼዋለሁ። «እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም ብዬ ተመለስኩ።

ለገበያው የደንበኞች አገልግሎት የደወልኩት እትዬ እንድደውል ስለጮኸችብኝ ነው። መጀመሪያ ማሽን ነው የሚያነሳው፤ ጥያቄዎ ለኛ ክብር ነው ይላል፣ ሙዚቃ ይከፍታል፣ ተመልሶ ይመጣና ጥያቄዎ ለኛ ክብር ነው ይላል። እትዬ እጄ ላይ እንዳለ የስልኩን ድምፅ ለሁለታችን ከፈተችው። ስድስት ሰዓት ከአምስት ላይ ሰው አነሳ፤ ወጣት ሴት ናት። እትዬ አንድም ነገር ሳትደብቅ ነገረቻት፤ ኮስቲክ ሶዳ ነው፣ የጡጦ ማጠቢያ ተብሎ ነው የሄደው፣ ቤቱ ውስጥ መንታ ሕፃናት አሉ። ልጅቷ ትንፋሿ ሲቆረጥ ሰማነው።

«አድራሻ ለመስጠት ሥልጣን የለኝም» አለች። «ግን ለምን ቁልፉን አልተጫናችሁትም?»

«የቱን ቁልፍ?» አለች እትዬ።

«ሱቃችሁ ገጽ ላይ ያለውን ቀዩን። እሱን ስትጫኑ እኮ ስልኳ ይጮኻል፣ የተዘጋውም መስመር ይከፈታል። ወዲያውኑ ነው።»

እትዬ ቀና ብላ አየችኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

«ታውቂው ነበር?»

ወደ ባልዲው አቀረቀርኩ።

«ታውቂው ነበር ወይ?»

«ሱቁ ይዘጋል፣ እትዬ» አልኩ። «ዳቦ ቤቱም ይሰማል... አራት ዓመት ሙሉ...»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። በጥፊ ብትለኝም ይሻለኝ ነበር። እጇን ብቻ ዘረጋችና «ስጪኝ» አለች። አልሰጠኋትም። ይሄንንም እሷ ልትሠራልኝ አይገባም ብዬ ራሴ ተጫንኩት። እርግጠኛ ነዎት? አዎ። ገጹ አመድማ ሆነ። ኮከቦቹም፣ የሚስቀው ሕፃንም፣ ስማችንም አመድማ ሆኑ፤ በላያቸው ላይ «ሱቅዎ ታግዷል» የሚል መጣ። ስድስት ሰዓት ከአሥር። የሚገርመው፣ ምንም አልተሰማኝም። ዓይኔ ስልኩ ላይ ተተክሎ መጥራቱን ብቻ ነበር የምጠብቀው።

ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ጠራ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች የሴት ድምፅ። ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል። «ስልኬ እንደ እሳት አደጋ መኪና ጮኸ፤ እጅዎን አያስነኩ ይላል... እኔ እኮ እጄ...»

«እጅሽ ምን ሆነ?» አልኩ።

«ከቅድም ጀምሮ ይለበልበኛል። አሁንማ ውኃ ቋጥሯል።»

እትዬ ስልኩን ነጠቀችኝ።

«ስሚኝ እህቴ፣ ጡጦዎቹን በእሱ አጥበሻል?»

«አዎ።»

«ልጆቹ ጠጥተዋል?»

«አንደኛዋ አልነካችም» አለች። «አንደኛዋ... እየጠጣች ናት። ጋሪው ላይ ናት፣ ይዛለች...»

«ንጠቂያት!» እትዬ እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «አሁን ንጠቂያት! አፏን በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ ደጋግመሽ ጥረጊላት። እንዳታስመልሻት! በምንም ዓይነት እንዳታስመልሻት!»

ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ወደቀ። ሩጫ ሰማን፣ የውኃ ድምፅ ሰማን፣ ከዚያ እናትየዋ «ከንፈሯ! የፈጣሪ ያለህ፣ ከንፈሯ!» ስትል ሰማን። እኔ የመቀመሚያው ክፍል ወለል ላይ በሁለት እጄ ጆሮዬን ይዤ ተቀምጬ ነበር። እንዴት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። እትዬ ግን ድምፇን ሳትቀንስ፣ ሳትፈጥንም፣ አንድ በአንድ ትነግራታለች፤ እጅሽን ቧንቧ ሥር፣ ጠርሙሱን ከድነሽ ያዢው፣ ሐኪሙ እንዲያየው፣ ቅርብ ያለው ሆስፒታል የቱ ነው፣ ጎረቤት ጥሪ፣ እኛም መጣን።

ከኛ ቤት እስከ ሆስፒታሉ በታክሲ ሩብ ሰዓት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ መንገድ ሄጄ አላውቅም። ሁሉም መብራት ቀይ ነበር። ታክሲው ውስጥ እትዬ አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ መስኮቱን እያየች፣ የጓንቱን ዱቄት ከጣቶቿ ላይ ታራግፋለች። እኔ በልቤ ለልጅቷ እለምናለሁ። ስሟን እንኳ አላውቀውም፤ «ያቺ፣ የጠጣችው» እያልኩ ነው የምለምነው። መርዙን የላከባት ሰው ትዳን ብሎ ሲለምን ማን ይሰማዋል ብዬ ደግሞ ፈራሁ።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ እስከ አንጓዋ በፋሻ ተጠቅልሏል። ግራ ክንዷ ላይ አንደኛዋ ልጅ ተኝታለች፤ ሌላዋን ውስጥ ሐኪም እያያት ነው። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። ቀሚሷን ፊትና ኋላውን አገላብጣ ነው የለበሰችው። እትዬ አጠገቧ ቁጭ ብላ ምንም ሳትናገር ትከሻዋን ያዘቻት። እኔ ቆምኩ።

ሐኪሟ የወጣችው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው፤ ሕፃኗን አቅፋት ነበር። «ጉሮሮዋ ንጹሕ ነው» አለች። «ጡጦውን ያለቀለቅሽው በጀ፤ የቀረው የጡጦው ላስቲክ ጡት ውስጥ ነው። ከንፈሯ ውስጠኛው በኩልና የምላሷ ጫፍ ተቃጥሏል፤ ጥቂት ቀን መጥባት ያስቸግራታል። እስከ ነገ እዚሁ እናያታለን። ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ ግን...» ብላ ተወችው።

እናትየዋ ሁለቱንም ልጆቿን ክንዷ ላይ አደረገች። ያቺ የጠጣችው ነቅታለች። የታችኛው ከንፈሯ ቀልቶ አብጧል፤ ማልቀስ እየፈለገች አፏን ስትከፍት ያማትና መልሳ ትዘጋዋለች። ያን አየሁ። እስካሁን ፈርቼ ነበር፤ ያን ሳይ ግን ፍርሃቱ ሌላ ሆነ፣ ከዚህ በኋላ የማይለቀኝ ዓይነት ሆነ።

«ይቅርታ» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አለች እናትየዋ፤ እያለቀሰች ነበር። «ሲለበልበኝ መተው ነበረብኝ። እኔ የእጄ ቆዳ ነው የተበላሸው ብዬ ጓንት አድርጌ አጠብኩት። የእናንተ ነዋ! ከተወለዱ ጀምሮ በሌላ አጥቤ አላውቅም። የእናንተ ይጎዳል ብዬ በምን አባቴ ልጠርጥር?»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አለች እትዬ።

«ጠዋት አሮጌው አለቀብኝ። እነሱ እንቅልፍ ሲወስዳቸው አዲሱን ከፈትኩት፤ ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ጉዳይ ነበር። ስንት ደቂቃ እንደሚተኙ ስለምቆጥር ሰዓቱን አይቻለሁ። ስልኬንም እንዳይቀሰቅሳቸው ድምፁን አጥፍቼው ነው እንጂ መልእክትም ገብቶልኝ ነበር፤ ሲጮህ ነው ያየሁት።» በፋሻው እጇ እንባዋን ልትጠርግ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ከዚያ ዓይኗ እትዬ ላይ ቆየ። «እናንተ ግን መቼ ነው ያወቃችሁት?»

ለምርመራ ብላ አልነበረም የጠየቀችው። እንዲሁ ሰው ነገሩን ከራሱ ጋር ለማስማማት እንደሚጠይቀው ነው። ኮሪደሩ ላይ የሆነ ሰው ጋሪ እየገፋ አለፈ።

እትዬ አፏን ከፈተች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ክፍል ውስጥ ልጅ ሲዋሽ የማትወድ ሴት፣ እኔን አንድም ቀን ዋሽታኝ የማታውቅ እህቴ፣ ፊቴን እንኳ ሳታይ «እንዳወቅን ወዲያው ነው ቁልፉን...» ብላ ጀመረች።

«አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ» አልኩ። «አንቺ ጋ መሄዱን ደግሞ አምስት ከሠላሳ አምስት ላይ አውቀናል። ቁልፉ መኖሩን አውቅ ነበር። እሷ አታውቅም፤ እኔ ነኝ። ሱቁ እንዳይዘጋብኝ ብዬ ነው።»

ወዲያው አልገባትም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ደቂቃዎቹን ትቆጥር ነበር። ቆጥራ ስትጨርስ ማልቀሷን አቆመች። አልተሳደበችም፣ አልጮኸችም። ከንፈሯ የተቃጠለውን ልጇን በዚያ በታመመው እጇ ደግፋ፣ እኔን እንዳታይ፣ ወደ ግድግዳው አዞረቻት።